አደራ፣ ተሸነፍ

መነጽር ሠሪው ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋ። ጫማውን አስጠረገ፣ አንድ ፓኬት ብስኩት ገዛ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱ ላይ የቀሩትን ጥቂት ፀጉሮች ወደ አንድ ወገን አስተኛቸው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነው፤ ፀጉሩ በጊዜ ስለከዳው ግን ደንበኞቹ ከሃምሳ አያወርዱትም፤ "ልጆች እንዴት ናቸው?" እያሉ ይጠይቁታል። ልጅ ቀርቶ ሚስት አልነበረውም። አሁን የሚሄደውም የሚወዳትን ነርስ ከአባቷ ሊጠይቅ ነው።

ነርሷ ስለ አባቷ ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ሰው የሚመዝነው በዳማ ነው። እንዳታሸንፈው።"

"ባሸንፈውስ?"

"የእህቴን እጮኛ ታውቀዋለህ አይደል? የዛሬ ሦስት ዓመት አሸነፈው። አሁንም እጮኛ ነው። አደራ፣ ተሸነፍ።"

ለሌላው ቀላል ነው። ለመነጽር ሠሪው ግን በቀኝ እጁ የለመደውን በግራው ጻፍ እንደማለት ነበር። በሰፈሩ በዳማ የሚችለው ጠፍቷል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ እንኳ ከእሱ ጋር መጫወት ካቆመ ከርሟል። ለምን ሲሉት፣ "ከዚህ ሰውዬ እስከ ዛሬ አንድ ፀጉርም አንድ ቆርኪም አላገኘሁ" ይላል።

የአባቷ ቤት በር ላይ ሲደርስ ስልኩ ጠራ። መልእክት ነው። "ተረካቢዬ ስለዘገየች ትንሽ እቆያለሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ግባ። አባቴ እየጠበቀህ ነው።"

ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስልሳ አምስት ቢሆናቸው ነው። ሽቷቸው እስከ በሩ ይሸታል። ከፊታቸው የዳማ ሰሌዳ ተዘርግቶ፣ ቆርኪዎቹ ግማሾቹ ተደፍተው ግማሾቹ ተገልብጠው ተደርድረዋል። እሱን ሲያዩ ብድግ አሉ።

"ኧረ ይቀመጡ" አለ መነጽር ሠሪው ደንግጦ።

"እርስዎ ይቅደሙ እንጂ" አሉ ሰውየው።

አንቱታው ከበደው። ልጃቸውን ሊያገባ የመጣን ሰው አንቱ ማለት፣ ከደጅ አታልፍም እንደማለት ሆኖ ተሰማው።

ከወደ ኩሽና የሴት አያቷ ድምፅ መጣ። "ተገናኛችሁ? እስኪ ተጫወቱ፣ ሻዩ እስኪፈላ ነው።"

ሰውየው ሰሌዳውን ወደ እሱ ጠጋ አደረጉ። "ዳማ ይወዳሉ ብለውኛል።"

ነግራቸዋለች ማለት ነው። "ያን ያህል እንኳ አይደለሁም" አለ።

ጀመሩ። መነጽር ሠሪው በሦስተኛው ተራው ላይ አንዷን ቆርኪ ገፍቶ አፋቸው ውስጥ ከተታት። ሕፃን ልጅ የሚያየው ነው። ሰውየው ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፣ ግንባራቸውን በመሀረብ ጠረጉ፣ ከዚያ ከዳር ያለች ሌላ ቆርኪ ነካ አደረጉ።

"የሚበላ አለልዎት" አለ።

"አላየሁትም። ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ።"

በዓይን ጉዳይ መነጽር ሠሪን መዋሸት ከባድ ነው። የሰውየው መነጽር አዲስ ነው፤ ከተሠራ ወር አይሞላውም። በዚያ መነጽር ከማዶ ፎቅ ላይ የተሰጣ ካልሲ መቁጠር ይቻላል። አይተው ነው ያለፉት።

ለምን?

ቆይቶ ገባው። እየፈተኑት ነው። ሲያገኝ የሚስገበገብ ሰው መሆኑን ሊያዩ፣ ያቺን እስኪበላ እየጠበቁት ነው።

እንግዲያው አይበላም። ሁለት ቆርኪ አቀረበላቸው። እሳቸው ሦስት አቀረቡለት። እሱ መሀሉን ከፈተ፣ እሳቸው ጓሯቸውን ለቀቁ። ሰሌዳው ላይ የሚበላ ሞልቶ በላተኛ ጠፋ። አንድ ጊዜ ጨንቆት ሳይወድ በግዱ አንዷን ቢበላ፣ ሰውየው ፊታቸው በራ።

"እጅዎ ይባረክ" አሉ።

ሽሙጥ መስሎት ሊደፋ ደረሰ። በዚህ ከቀጠለ ነርሷን እያጣት ነው። ያለውን ዕውቀት ሁሉ አሰባስቦ፣ ዕድሜ ልኩን ለማሸነፍ ያልተጠበበውን ያህል ለመሸነፍ ተጠበበ። በመጨረሻ ሰውየውን እንዲህ አድርጎ ያዛቸው፤ ከመብላት በቀር አንዲት መሄጃ አሳጣቸው።

ሰውየው ግራ ቀኙን አዩ። ቀና ብለው እሱን አዩት። ሳይወዱ በግዳቸው አራት ቆርኪ በሉ።

"አለቀ፣ ተሸነፍኩ" አለ መነጽር ሠሪው፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት።

የሰውየው ፊት አመድ መስሏል። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። እውነቴን ነው፣ ሆን ብዬ አይደለም።"

"ምን በወጣዎት፣ ደግ አደረጉ!" አለና፣ ልባቸው ሳይመለስ በዚያው ገባበት። "እንግዲህ የመጣንበትን ጉዳይ ሁለታችንም እናውቀዋለን። እርስዎ ደስ ካለዎት እኔ ሌላ የምፈልገው የለም።"

ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። "እኔማ ደስታዬን በምን አፌ ልናገረው? ስፈራ ስቸር ነው የመጣሁት . . . ብቻ እግዜር ያክብርልኝ።"

ስፈራ ስቸር ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን? ትልቅ ሰው ሲደሰት ቃል ይምታታበታል ብሎ አለፈው። ተነሥተው ተቃቀፉ።

"እንደ ልጅ እሆንዎታለሁ" አለ መነጽር ሠሪው።

"እኔም እንደ አባት" አሉ ሰውየው፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ።

እንደተቃቀፉ የውጭው በር ተከፈተ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ስኳር በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ፤ ሰሌዳውን አየ፣ ሁለቱን አየ፣ ከዚያ የመነጽር ሠሪውን ራስ ትክ ብሎ አየ።

"ይቅርታ፣ ቤቴ መጥታችሁ አስጠበቅኋችሁ" አለ። "ልጄን ሊያገባ የመጣው የትኛችሁ ነው፣ እናቴን ሊያገባ የመጣውስ?"