ክኒኑ ጾም ያስገድፋል ያሉት አማት

«ተነሽ እንጂ አንቺ ሰነፍ! አገሩ ሁሉ ሩዛችንን እያረመ አንቺ ትገላበጫለሽ?»

የሚጮኹት እማማ ታይቱ ናቸው...

የሚጮኹባት ምራታቸው ሸዋነሽ ናት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጋቢውን ሳበችው።

ቦታው ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ቁሐር ሚካኤል ነው። ጊዜው ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ።

የዚያን ቀን የወንፈሉ ተራ የነሱ ነበር። ጎረቤት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ የነሱን ሩዝ ያርማል... የቤቱ ምራት ተኝታለች!

እማማ ታይቱ አፈሩ። «ሸዋነሽስ?» ላላቸው ሰው ሁሉ «ወረታ ገበያ ሄዳለች» እያሉ ዋሹ። በጾም!

እንደ እውነቱ ከሆነ ሸዋነሽ ሥራ የምትፈራ ሰው አልነበረችም።

አምና እንቅርቷ አብጦ ትንፋሽ ከለከላት። በቀዶ ጥገና ወጣላት። ሐኪሙም ክኒን አዘዘላት... በየቀኑ፣ ማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክ።

«ድብርትም አለብሽ» አላት። «ሁለቱንም አብረን እናክማለን። ብቻ ክኒኑን እንዳታቋርጪ።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏችኋል ይሄ ነው።

ደግነቱ እየተሻላት ነበር። መሳቅ ሁሉ ጀምራ ነበር... የሰኔ ጾም እስኪገባ ድረስ።

አንድ ማለዳ እማማ ታይቱ ምራታቸው ክኒኗን በውሃ ስትውጥ አዩ።

«በጾም? በኔ ቤት?»

ብልቃጡን ነጥቀው ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። «ጾሙ ሲፈታ ትወስጂዋለሽ» አሏት።

ጾሙ ሐምሌ ላይ ሲፈታ ደግሞ... «ፍልሰታ እኮ ደረሰ፣ ምን ያንገበግብሻል?»

ሸዋነሽ ለመነች። ኋላ ላይ መለመኑም ታከታት።

ባሏ እንግዳው ወረታ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ሥራ ውሎ ሲገባ «ክኒንሽን ዋጥሽ?» ሲላት «አዎ» ትለዋለች። እናትና ልጅ በሷ ምክንያት እንዳይጣሉ ብላ...

ፊቷ አበጠ። ሁለት ጋቢ ደርባም ይበርዳታል። ማልቀስ እንኳ አቃታት።

ወደዚያች ጠዋት እንመለስ።

«እማማ... እኔ ለማንም አልጠቅምም። ብሄድላችሁ ሳይሻል አይቀርም» አለች ሸዋነሽ።

«ታዲያ ማን ያዘሽ?»

እንዲህ ብለዋት ወጡ። ወዴት? ወደ ንስሐ አባታቸው፣ ወደ ቄስ ገበያው! ልጃቸውን «ሚስትህን ወደ እናቷ ስደዳት» ብለው እንዲመክሩላቸው ነው የሄዱት።

«አባቴ፣ ቀኖና ይስጡልኝ።»

«ለማን?»

«ለምራቴ። ጾም ትገድፋለች! የእንቅርት መድኃኒት ነው እያለች ማለዳ ክኒን ትውጣለች። እኔም ዝም አላልኩ፣ ከሰኔ ጀምሮ ደብቄባታለሁ። ይኸው አሁን ደግሞ ስንፍና ጀመራት፣ ካልጋ አትነሳም። ልጄ ወደ እናቷ እንዲሰዳት ይምከሩልኝ።»

እማማ ታይቱ ምርቃት ይጠብቁ ነበር።

ቄስ ገበያው ግን ደነገጡ። ቀስ ብለው አንገታቸው ላይ የጠመጠሙትን ነጠላ ፈቱት...

ጉሮሯቸው ሥር ረጅም የስፌት ጠባሳ አለ።

«የእንቅርት ነው፣ ወለተ ሚካኤል» አሏቸው በክርስትና ስማቸው ጠርተው። «አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ያንኑ ክኒን እኔም እውጣለሁ።»

«በጾም?!»

«በጾምም በፍስክም። ስቀድስ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ተራዬ ባልሆነ ቀን ጎህ ሲቀድ። የታመመ ሰው መድኃኒቱን ቢውጥ ጾም ገደፈ አይባልም።»

ነጠላቸውን መልሰው እየጠመጠሙ ቀጠሉ።

«ያኔ አንድ ዓመት ሙሉ ከቅዳሴ ቀርቼ ነበር። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ ሳይላቸው ይቀራል? «ቄሱ ጠገበ፣ ሰነፈ» እያሉ በየዝክሩ ያሟቸው እኮ ራሳቸው እማማ ታይቱ ናቸው!

«ስንፍና አልነበረም። ምነው ባልነጋ እያልኩ ጣራ ሳይ እውል ነበር። የምትሉትንም እሰማ ነበር...»

እማማ ታይቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

«አሁን ቀኖናውን ለማን ልስጥ?»

«ለ... ለኔ።»

«ስግደት አላዝሽም። በየማለዳው ክኒኑንና ውሃውን በገዛ እጅሽ ትሰጫታለሽ። አሁን ግን ሩጪ! ሁለት ወር ያለ መድኃኒት? ዛሬውኑ ሐኪም ይያት!»

እማማ ታይቱ በዚያ ዕድሜያቸው በጭቃ ውስጥ ሮጡ። እየሮጡ ለልጃቸው ደወሉ። «ባጃጅህን ይዘህ ድረስ!»

ቤት ሲገቡ አልጋው ባዶ ነው።

«ሸዋነሽ!»

ጓሮ አገኟት። ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ልትሄድ ወጥታ፣ አቅም አንሷት እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጣለች።

የወንፈሉ ሰው ሁሉ ከማሳው ቀና ብሎ እያየ፣ እማማ ታይቱ ምራታቸው እግር ላይ ወደቁ።

«ማሪኝ ልጄ! በድያለሁ፣ ማሪኝ!»

ሸዋነሽ ቋጠሮዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ከዚያ በደከመ ድምፅ እንዲህ አለቻቸው...

«ክኒኑንስ ለእግዜር ብለው ነው የደበቁት፣ እሱ ይቅር ይበልዎ። ታምሜ ሳለሁ ሰነፍ ያሉኝ ግን ለማን ብለው ነው?»

የእንግዳው ባጃጅ ሲደርስ እማማ ታይቱ ምራታቸውን ደግፈው ወደ ሐኪም ይዘዋት ሄዱ።

ዛሬ ሸዋነሽ ሕክምናዋን ቀጥላለች። ድብርቱ ጨርሶ አልለቀቃትም፣ ግን ወጣ ገባ ትላለች። አማቷ በየማለዳው ውሃ ይዘው ይመጣሉ... ዓይኗን ማየት ግን እስካሁን አልቻሉም።

ወዳጆቼ፣ ድብርት ሕመም እንጂ ስንፍና አይደለም። የታዘዘ መድኃኒትም ሐኪም ሳይጠየቅ አይቋረጥም። ጾማችን ከሥጋ ብቻ ሆኖ ምላሳችን ሰው ከበላ ምኑን ጾምነው? ይህን ስጽፍ እኔም «አካበድሽው» ያልኳት አንዲት እህቴ ትዝ ብላኝ በራሴ አፍሬያለሁ።

እናንተስ በሸዋነሽ ቦታ ብትሆኑ እማማ ታይቱን ይቅር ትሏቸው ነበር? ከልባችሁ የሆነውን እዚሁ ሥር ጻፉልኝ፣ እያንዳንዱን አነበዋለሁ።