የእማማ ወለተ ሥላሴ ጥቁር ዳቦ

«ቀመሱት... ግን አልዋጡትም።»

የሚስቱ የስጦታ ድምፅ ስልኩ ውስጥ ይቆራረጣል።

«እማ ምን አለች?»

«‹ይሄ አይደለም› አሉ... ሚናስ፣ እህል ካልቀመሱ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሐኪሙም ጉሉኮስ ብቻውን አያቆያቸውም ብሏል።»

ሚናስ ስልኩን ዘጋና ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ሳንቃ በር ካምፕ፣ በቅሎዎቹ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ...

ሥራው ለቱሪስት ምግብ ማብሰል ነው። ፓስታ በሉት ፒዛ፣ ፈረንጅ ያማረውን ሁሉ ተራራ ላይ ይሠራል።

የገዛ እናቱን አንድ ቁራሽ ማጉረስ ግን አቃተው።

እናቱን ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሩሲያዊት ናት። አባቱ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ የእንስሳት ሕክምና ሊማሩ ሄደው አግብተዋት መጡ። እዚህ ወለተ ሥላሴ ተባለች። አርባ ዓመት ኖረች... ባሏንም እዚሁ ቀበረች።

አሁን ታማ ስትተኛ እንጀራውም ገንፎውም አልወርድ አላት።

የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው... «ጥቁር ዳቦ።»

ሚናስ ያልሞከረው የለም።

አዲስ አበባ ደውሎ «የሩሲያ ዳቦ ነው» የተባለ በአውቶቡስ አስመጣ... አሽታ መለሰችው።

ኢንተርኔት ላይ አይቶ ራሱ ጋገረ... ጉንጯ ውስጥ አቆይታ ተፋችው።

በመጨረሻ የሩሲያ ቱሪስቶች መጡና እሱ አብሳያቸው ሆነ። እግራቸው ላይ ወድቆ መለመን ነው የቀረው። እነሱም ደጎች ናቸው፣ ከሞስኮ ይዘውት የመጡትን ግማሽ ጥቁር ዳቦ ሰጡት። በመኪና ወደ ደባርቅ ላከው...

እንግዲህ «ይሄ አይደለም» ያለችው እሱኑ ነው።

ከሞስኮ የመጣው የሩሲያ ዳቦ ካልሆነ ሌላ ከየት ይምጣ?

«ሚናስ... ና እንብላ።»

ዋሴ ነው፣ በቅሎ ነጂው። ደባርቅ ላይ ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። ዋሴ ላለፉት ዐሥራ ሁለት ዓመታት በየካምፑ «እንብላ» ይለዋል። ሚናስም «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» ብሎ ያልፋል። ለፈረንጅ የሚያበስል ሰው ከበቅሎ ነጂ ስንቅ አይቆርስም... ኩራት እራቱ ነበር።

ያን ዕለት ግን እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። የተዘረጋለትን ቁራሽ ተቀብሎ ጎረሰ...

ማላመጡን አቆመ።

የአምባራስ መንደር ጥቁር ገብስ... ድንብላል... ያ ኮምጣጣ ጣዕም...

የእናቱ ዳቦ ነው።

«ማን ነው የጋገረው?»

«የትናየት ናት እንጂ፣ ባለቤቴ። ሁልጊዜ የምትሰንቅልኝ ይሄንኑ አይደል?»

አሁን አንድ የደበቅኳችሁ ነገር አለ...

ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሚናስ ሊያገባ ሲል፣ የስጦታ ቤተሰቦች ቤቱን ሊያዩ ሊመጡ ሆነ። የቤተ ክህነት ሰዎች ናቸው። እናቱ ደግሞ ከሀገሯ በጨርቅ ላይ አድርቃ ያመጣችውን የዳቦ እርሾ በማሰሮ እያኖረች ትጋግር ነበር።

«ይሸታል፣ ምን ይሉናል?» አለና ከነማሰሮው ከአጥር ወዲያ ወረወረው።

ለእናቱ «ድመት ሰበረችው» አላት። ከዚያ ወዲህ ጋግራ አታውቅም።

እኔን የሚያናድደኝ... እርሾ የማይሸት ቤት ሀገራችን ላይ የት አለና ነው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያፈረው በእርሾው አይደለም፣ በእናቱ ነው።

ሚናስ በተገኘው መኪና ደባርቅ ገባ። ወደ ቤቱ አልሄደም። ረግጦት የማያውቀውን የነዋሴን ደጅ አንኳኳ።

«የትናየት... ዳቦ ፈልጌ ነው። ለእማ።»

የትናየት ከሌማቱ ዳቦ አወጣች።

«ያን ቀን ማሰሮውን ወደ ግቢያችን ስትወረውር አይቼ፣ ስባሪው ላይ የቀረውን ጠርጌ አነሣሁት። እርሾ እንዴት ይጣላል ብዬ... አጋገሩንም የተማርኩት ከእሳቸው ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳትሰጫት?»

«ብሰጣቸው ‹እርሾውን ከየት አገኘሽው?› ይሉኛል። ‹ልጅዎ ጥሎት› ልበላቸው?... ይልቅ አንተ ጥቁር ዳቦ እንዳማራቸው ለምን አልነገርከንም?»

ሚናስ ለጎረቤት «ትንሽ አሟታል» ብቻ ነበር የሚለው።

ዳቦውን ይዞ አልጋዋ አጠገብ ተንበረከከ። ገና ሽታው ሲደርሳት ዓይኗን ገለጠች።

ጎረሰች... ዋጠች። ደግማ ጎረሰች።

ሚናስ ማልቀስ ጀመረ።

«እማ... ማሰሮውን የሰበረችው ድመት አይደለችም።»

«አውቃለሁ። በመስኮት አየሁህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሠርግህ ደርሶ ነበር ልጄ።»

ሌላ ቁራሽ አንሥታ ቀጠለች...

«በየሳምንቱ ከነየትናየት ቤት ሽታው ይመጣ ነበር። እርሾዬ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሄጄ ብለምን አንተ ታፍራለህ ብዬ ተውኩት።»

ዘጠኝ ቀን ያንን ዳቦ በላች። በዐሥረኛው ቀን ዐረፈች...

በሠልስቱ የትናየት ያንኑ ዳቦ ጋግራ ለለቀስተኛው አቀረበች። የስጦታ አባት፣ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ፣ ያኔ «ምን ይሉናል» የተባለላቸው ሰው፣ ቆርሰው ቀመሱ።

ደግመው ቆረሱ።

«ይህን የመሰለ ዳቦ የማን ነው? ይሄን ሁሉ ዘመን ስንመላለስ እንዴት ሳንቀምሰው ቀረን?» አሉ።

ሚናስ አቀርቅሮ ነበር።

«የእናቴ ነው» አለ።

ይህን ቃል ሰው ፊት ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር... እሷ ግን አልሰማችውም።

ወዳጆቼ፣ የናፈቃት የሞስኮ ዳቦ አልነበረም። እዚሁ ደባርቅ ላይ ልጇን ያሳደገችበት ዳቦ ነበር። ልጁ «ምን ይሉናል» ብሎ ጣለው፤ ይላሉ የተባሉት ሰዎች ግን ሲቀምሱት ወደዱት። እናት የልጇን ገመና ይዛ ትራባለች... እኛ ግን የሷን ጓዳ ለሰው ማሳየት እናፍራለን።

እናንተስ... «ምን ይሉኛል» ብላችሁ ከሰው የደበቃችሁት የእናታችሁ ነገር ምንድን ነው?

ከታች ጻፉት... የመጀመሪያውን ኮሜንት እኔው የራሴን እጽፋለሁ።