የእጀ ጣፋጯ አይብ

ይህን ያወራችኝ የባልየው እህት ናት። ለራሷ ታደላለች የሚል ካለ፣ እኔም ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሚስትየውን እጀ ጣፋጭ ነው የሚሏት። ምድር ቤት ለወራት የምታቆየው አይብ ቀይ ቅርፊት ያወጣል፤ ሽታው እንግዳ ከበር ይቀበላል። አይቧን የሚገዛው የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ሲመጣ አንዱን ያነሳና ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ!» ይላል። ቤቱ የሚኖረው በዚያ አይብ ነው።

ለንጽሕና ደግሞ ማን ይስተካከላታል! በየዓመቱ ሥራ ሲጀመር የመደርደሪያውን ሳንቃ በፈላ ውሃ ትፈገፍጋለች። ጫማ የሚባል ነገር ምድር ቤት አይገባም። ባሏ በባዶ እግሩ ይወርዳል፤ የታችኛውን ሳንቃ እየረገጠ የላይኛውን አይብ ያገላብጣል፣ በጨው ውሃ ያብሳል።

«ኧረ እግሬ ደነዘዘ!» ይላታል።

«አይቡ ይበልጣል እግርህ?»

የባልየው እህት እዚያው ግቢ ከጓሮ ክፍል ትኖራለች። ከሚስትየው ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው። ወንድሟ ቢያሳዝናት የጎማ ቦት ጫማ ገዛችለት።

«ከነላስቲኩ ነው እትዬ፣ መሬት አልነካም፤ ለምድር ቤት ብቻ ያድርገው» አለች።

ሚስትየው ገለባብጣ አየችው። እንከን አጣችለትና እሺ አለች። ሰውዬው ደስ ብሎት እንደ ሙሽራ እየተንጎራደደ ወረደ።

የዚያ ዓመት አይብ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሽታ የለው፣ ለዛ የለው። ወጥ ቤት ኃላፊው ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ፤ ወዲያው ገለጠው።

«እትዬ፣ ሳሙና ነው እንዴ? የሚቀጥለውም እንዲህ ከሆነ ሌላ ቤት መፈለጌ ነው።»

ሚስትየው ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። የምድር ቤቱን ቁልፍ ለወጠች። የሚቀጥለውም ነጭ ሆነ።

«አንድ ነገር ጨምራበታለች ያቺ ምቀኛ!» አለችው ባሏን። «ወይ እሷ ከዚህ ግቢ ትውጣ፣ ወይ እኔ!»

«መጀመሪያ ይመርመር» አለ ባልየው አንገቱን ደፍቶ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ተጠራ። ወጥ ቤት ኃላፊውም ከድሮው ቀይ የተረፈችውን አንዲት አይብ ይዞ መጣ። ባለሙያው ሁለቱንም ወስዶ መርምሮ ተመለሰ። እህትየው በር ላይ ቆማ ፍርዷን ትጠብቃለች።

«የተጨመረ ነገር የለም» አለ። «የጎደለ እንጂ። የድሮው ላይ ቅርፊቱን የሚያቀላ፣ ሽታውን የሚያመጣ ባክቴሪያ ነበር። በዓይን አይታይም። ከሰው ገላ ወደ ሳንቃው፣ ከሳንቃው ወደ አይቡ የተጋባ ይመስለኛል።»

ሚስትየው ፊቷ በራ።

«ከሰው ገላ? ይኸው! እጀ ጣፋጭ ሲሉኝ በከንቱ መሰለህ?» ሁለት እጇን ዘረጋችለት። «መርምር ልጄ፣ በደንብ መርምር!»

ባለሙያው ግን ባልየውን ከላይ እስከ ታች አየና፣ ቦት ጫማውን እንዲያወልቅ ጠየቀው።

ባልየው አወለቀ።

ወጥ ቤት ኃላፊው ዓይኑን ጨፈነ።

እህትየው ከግቢው አልወጣችም፤ ቦት ጫማው ሽንኩርት ተተክሎበታል፤ ባልየው እንደ ድሮው በባዶ እግሩ ይወርዳል፤ አይቡ ቀልቷል፤ ሚስትየው አይብ አትቀምስም።