ከሰልፍ የወጣችው ግራር

ፍየሏ ከበሩ አጠገብ ያለውን ዛፍ በአፏ ነክሳ ስትሄድ ያየቻት ፅጌ ብቻ ነበረች።

"ጋሽ ደረሰ! ኧረ ዛፉን!"

ዘበኛው ዱላቸውን ይዘው ሮጡ። ፍየሏ እያቅማማች ለቀቀች። እሳቸውም ቅርንጫፉን መልሰው አሸዋው ውስጥ ወሸቁና በጫማቸው ዙሪያውን ረገጥ ረገጥ አደረጉት። ቅጠሉ ግማሽ በግማሽ ተበልቷል።

"ከሩቅ ሲያዩት የተከረከመ ይመስላል፣ ጓድ ልጄ" ብለው አጽናኗት።

ፅጌ ግን አልተጽናናችም። ሐይቁ ዳር ያለው የቀበሌው የልጆች መናፈሻ ኃላፊ እሷ ናት። ከአውራጃው የሚመጣው ጓድ ተፈራ ዛሬ ዞር ዞር ብሎ "ይሄ መናፈሻ ነው" ካለ ቦታው የልጆች ሆኖ ይቀራል። ካላለ ቢራ ቤት ይሆናል። የቢራ ቤቱ ወንበሮች ከወዲሁ መጥተው ከአጥሩ ውጪ ተደራርበዋል፤ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ መላጣው ትልቅ ወፍ፣ ከላያቸው ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ውሳኔውን ይጠባበቃል።

ቦታውን መናፈሻ የማስመሰሉን መላ ያመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሸዋንግዛው ነበር። ዛፍ ለማሳደግ ጊዜ የለም፤ ቅርንጫፍ ግን ሞልቷል። ትናንት አንድ መኪና ሙሉ የዋንዛ ቅርንጫፍ አስጭኖ መጣና በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ወታደር አሰለፈው። ከጣውላ የተሠራው ባቡርም ቀይ ቀለም ተቀባ። ባቡሩ ጎማ የለውም፤ መቀመጫም የለውም። ጭስ ማውጫ ግን አለው።

ሰልፉን ያበላሸችው አንዲት ግራር ናት። ጎባጣ፣ እሾሃም፣ ከመስመር ወጣ ብላ የቆመች። ማን እንዳሰረው የማይታወቅ አሮጌ የመኪና ጎማ በገመድ ተንጠልጥሎባታል። ፅጌ "ይንቀሏት" ብላ ጋሽ ደረሰን ሁለቴ አዝዛለች። ሁለቴም "እሺ" ብለው ጥላዋ ሥር ተኝተዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ልታዛቸው አፏን ስትከፍት ላንድሮቨሩ በሩ ላይ ቆመ።

ጓድ ተፈራ ካኪ ልብሱን እያስተካከለ ወረደ። አንዲት ትንሽ ልጅ ተከትላው ዘለለች።

"ልጄ ናት፤ ታቢታ። ስሙን ያወጡላት የእናቷ ወገኖች ናቸው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ከዚያ ግራና ቀኝ አየ። "ባለፈው ስመጣ ይሄ ሁሉ ዛፍ ነበር እንዴ?"

"ዘመቻ ነው ጓድ!" አለ ሸዋንግዛው። "ሕዝቡ ሲነሳሳ እንዲህ ነው።"

ታቢታ ባቡሩን ዞረችው። "ይሄዳል?"

"እንዴታ! ይሄዳል" አለ ሸዋንግዛው።

"መቼ?"

ሸዋንግዛው ፅጌን አያት። ፅጌ ጫማዋን አየች። ልጅቷ ባቡሩን ነካ አድርጋ መዳፏን ብታይ ቀይ ሆኗል። በቀሚሷ ጠረገችውና ሄደች።

ፀሐዩ ከረር ብሏል። ጓድ ተፈራ መሐረብ አውጥቶ ግንባሩን እያበሰ አንዱን ዋንዛ ደገፍ አለ። ዋንዛው ተኛ። ጓድ ተፈራም አብሮት ተኛ።

ሰውየው ሱሪውን አራግፎ ተነሳ፣ የወደቀውን ዛፍ አነሳና በመጥረቢያ የሾለ ጫፉን ረጋ ብሎ መረመረው። ከዚያ ቀጣዩን ሳበ። ወጣ። ከዚያም የሚቀጥለውን።

"ምንድን ነው የተከላችሁት? ካሮት ነው?"

"አፈሩ ነው ጓድ… የሐይቅ ዳር አፈር ልል ስለሆነ…" አለ ሸዋንግዛው።

"እና ሥሩን ሐይቁ ወሰደው?"

አንድም አላስተረፈም። ሰልፉን ሁሉ እየነቀለ እየነቀለ መንገዱ መሃል ከመረው። ፅጌ ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ወንበሮች ስታይ ሰው የተቀመጠባቸው መሰላት። ጓድ ተፈራ አሁን ከግራሯ ፊት ቆሟል።

"ይቺስ?"

በአንድ እጁ ሳባት። እሾህ ወጋው። ጣቱን መጠጥ አድርጎ በሁለት እጁ ሳባት። ሾፌሩን ጠራ፤ ለሁለት ሆነው ሳቧት። ጥቂት ደረቅ ቅጠል ራሳቸው ላይ ረገፈ እንጂ ግራሯ ንቅንቅ አላለችም።

"አትድከሙ፣ ጓድ ጌታዬ" አሉ ጋሽ ደረሰ ደረታቸውን ነፍተው። "እሷን እኔ ነኝ ያልነቀልኳት።"

"አባዬ ተው!"

ሁሉም ዞሩ። ታቢታ ጎማው ውስጥ ተቀምጣለች። ከኋላዋ የሰፈሩ ልጆች፣ በየት እንደገቡ እንጃ፣ እየተገፋፉ ተሰልፈዋል። ባቡሩ ጋ ማንም የለም።

"ዛፌን አትንቀልብኝ! ይልቅ ግፋኝ!"

"ቶሎ ይግፏት እንጂ፣ ወረፋ አለ!" አለች ከኋላ አንዷ።

ጓድ ተፈራ ዙሪያውን አየና ገፋት። ልጅቷ ጮኸች። ደግሞ ገፋት። ላቡ ጠብ ጠብ ሲል እያሳቀችው ገፋት፤ ከዚያ ጥላው ሥር ቁና ቁና እየተነፈሰ ቆመ።

"እነዚያን ወንበሮች አስገቡ" አለ።

ፅጌ ፈጠን ብላ ወደ እሱ ቀረበች። "ለ… ለቢራ ቤቱ ነው ጓድ?"

"ለወላጅ ነው እንጂ! ሰው ልጁን ሲጠብቅ ቆሞ ይሙት? እዚህ፣ ጥላው ሥር ደርድሯቸው።"

"ቢራውስ?" አለ ሸዋንግዛው።

"ቢራው ሌላ ቦታ ይፈልግ። ይሄ መናፈሻ ነው።"

አባ ኮዳው ከወንበሮቹ ላይ ተባሮ እየከበደው በረረ። ጋሽ ደረሰ የሚተኙባት ቦታ በወንበር ስትያዝ ቆመው አዩ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

ፍየሏ ተመልሳ መጥታለች። ክምሩን አሸት አሸት አድርጋ ደህና ቅጠል ያለውን ዛፍ መረጠችና በአፏ ጎትታ ወደ በሩ አቀናች። ፅጌ ዘበኛውን አየቻቸው። ዘበኛው ፅጌን አዩዋት።

ሄደው በሩን ከፈቱላት።