«ፍሬን» የሚሏቸው መምህር ያስቆሙት ጥናት

«ወደ ኋላ መልሺው... ያለፈውን ምስል አሳዪኝ!»

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ ድምፁ ዞረ።

ተናጋሪው የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ አንጋፋ መምህር ናቸው። ተማሪዎች «ፍሬን» ይሏቸዋል... የሚሮጠውን ሁሉ ያስቆማሉና።

መድረኩ ላይ ጥናቷን የምታቀርበው ወጣት መምህርት ናት። የኤክስሬይ ምስል አይቶ የሳንባ በሽታ የሚለይ ፕሮግራም ሠርታለች። ጥናቷ ከታተመ እድገት ታገኛለች... ፕሮግራሙም ሆስፒታል ይገባል።

«ፍሬን ተያዘ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

«ይቺ ፕሮግራሙ የተማረባት ምስል ናት?» ሲሉ ጠየቁ አንጋፋው መምህር።

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ይቺኛዋስ?»

«የተፈተነባት።»

«የጎድን አጥንቱን እዪው... ተሰብሮ የገጠመ ነው። እዚያም፣ እዚህም። ልጄ፣ አንድ ሰው እኮ ነው! ፕሮግራምሽ በሽታውን አላወቀም... ሰውዬውን ነው ያወቀው።»

ፈተናውን ቀድሞ አይቶ እንደገባ ተማሪ ማለት ነው።

አንገቷን ደፍታ ከመድረኩ ወረደች።

«ቅናት ነው!» አሏት ጓደኞቿ። «ራሱ ፕሮፌሰር ሳይሆን እንዳታልፊው ፈርቶ ነው።»

አመነቻቸው። ከዚያ ወዲህ የሽማግሌውን ሰላምታ የምትመልሰው ፊቷን አዙራ ነበር።

ሥራውን ግን ከሥር ጀመረችው። የአንድ ሕመምተኛ ምስል መማሪያውም መፈተኛውም ውስጥ እንዳይገባ ለየች። ውጤቱ መጀመሪያ ወረደ... ቀስ እያለ ተነሳ።

ዓመታት አለፉ። ዛሬ ፕሮግራሙ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል፤ እሷም ፕሮፌሰር ሆናለች።

ሹመቷ የጸደቀ ቀን የክፍሉ ፀሐፊ ልትስማት መጣች።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ የኔ እመቤት! ያስቆሙሽ ዶክተርም ያኔ ማመልከቻቸውን ባይስቡ ኖሮ ፕሮፌሰር ሆነው ጡረታ በወጡ...»

«የምን ማመልከቻ?»

«አልሰማሽም እንዴ? ለፕሮፌሰርነት ያስገቡት ጥናት እኮ አንቺ ባዘጋጀሻቸው ምስሎች ላይ የተሠራ ነበር! ያን ቀን ከአዳራሹ እንደወጡ በቀጥታ እኔ ጋ መጡ። "መልሺልኝ፣ የኔም ወድቋል" አሉኝ።»

ፕሮፌሰሯ ቦርሳዋን እንኳ አላነሳችም። ቤታቸው ሄደች።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታዝኚልኛለሽ... ስህተቱን ግን አታርሚውም።»

«ሰው ሁሉ ቀናተኛ ሲልዎት ዝም አሉ!»

«ሲደክማቸው ይተዉኛል ብዬ ነበር... ለካ ጉልበታም ናቸው!» ብለው ሳቁ።

እሷ መሳቅ አልቻለችም። እጃቸውን ያዘች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ... ዘገየሁ።»

«በይ ግቢ! ፕሮፌሰር በር ላይ አይቆምም።»

...

የኛ ስም እንዳይበላሽ ብሎ የራሱን ስም የሚያስበላሽ ሰው በሕይወት ብዙ አይገጥመንም።

ምስጋና ቢዘገይም ዋጋ አለው... ተመስጋኙ በሕይወት ሆኖ እስከሰማው ድረስ።

እናንተስ? ያኔ አምርራችሁ የጠላችሁት፣ ዛሬ ግን ባለውለታዬ የምትሉት ሰው አለ? ነግራችሁታል... ወይስ ገና ነው? እስቲ ከታች ጻፉልን።