ከአንድ ዛፍ ሁለት ድስት ማርማላታ

የጓሮው የኮክ ዛፍ አንድ ነው፤ ድስቱ ግን ሁለት። አንዱ የአማት፣ ሌላው የምራት። ድስቶቹ ጎን ለጎን ተጥደው ሲንተከተኩ ሁለቱ ሴቶች ፊታቸውን አዙረው ያማስላሉ።

የሰፈሩ ትምህርት ቤት በየዓመቱ በወላጆች ቀን የማርማላታ ውድድር ያዘጋጃል። ምራትየዋ ወደዚህ ቤት ከመምጣቷ በፊትም ሆነ ከመጣች ወዲህ የሚያሸንፉት አማትየዋ ናቸው። ሰው "ምን ጨምረውበት ነው?" ሲላቸው "ኮክ፣ ስኳርና ትዕግሥት" ይላሉ። ይህችን ትዕግሥት የምትባል ቅመም ስትሰማ ምራትየዋ ጥርሷን ታፋጫለች።

ምራትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ስፌቷን የሚያማ የለም፤ ማርማላታዋ ግን ሁሌም ሁለተኛ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባሏ አንድ ቀን "ከእናቴ ቀጥሎ መውጣት እኮ ክብር ነው" ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። የዚያን ዕለት ራቱን ቀዝቃዛ በላ።

ዘንድሮ ግን ቆርጣለች። አማትየዋ የራሳቸውን ድስት አውርደው ሲወጡ፣ ድስቷን እያማሰለች ባሏን ወደ ወጥ ቤት ጠራችው።

"ስማ፣ ዘንድሮም ሁለተኛ ከወጣሁ ቤት ተከራይተን እንወጣለን።"

"ለማርማላታ ብለን?"

"ለማርማላታ አይደለም። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንኳ የኔ እንዲሆን ነው። ጨው የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።"

"እና እናቴ ብቻዋን ትቅር?"

"እሱን አላልኩም። ላሸንፍ ነው ያልኩት።"

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ሣሩ ራሱን እያከከ ቆመ። ከቀጭኑ ግድግዳ ማዶ አማትየዋ ሲያስሉ ተሰማ። ክርክሩ ረዘመና የምራትየዋ ድስት ከሥሩ አረር አለ። ደንግጣ እሳቱን ቀነሰችና ጠብታ ማርማላታ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጣል አድርጋ ሳህኑን አዘነበለች። ጠብታዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ደርሷል።

ብልቃጦቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ኮኩም ከአንድ ዛፍ በአንድ ቀን የተለቀመ ስለሆነ በቀለም አይለይም። የሚለየው ክዳኑ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ብቻ ነው፤ የአማትየዋ ከአሮጌ መጋረጃ የተቀደደ ሰማያዊ፣ የምራትየዋ ከስፌት የተረፈ ቀይ።

የውድድሩ ጠዋት ምራትየዋ ለባብሳ ወደ ጓዳ ብትገባ፣ አማትየዋ ብልቃጦቹ የተቀመጡበት ቅርጫት ላይ አጎንብሰዋል። እጃቸው ቀዩ ጨርቅ ላይ ነው።

"ምን እያደረጉ ነው፣ እማማ?"

"ክሩ ላልቶ ነው፣ ልጄ" አሉ ድንግጥ ብለው። ወዲያው ደግሞ ቅርጫቱን እኔ ካልያዝኩ ብለው ግብግብ ገጠሙ።

ምራትየዋ አላመነቻቸውም። ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷ ያሰረችው ክር አይላላም። ከፍተውታል ማለት ነው! ጨው ጨምረውበታል፤ ጨው የት እንዳለ ደግሞ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። መንገዱን ሁሉ በልቧ ስትሟገት ሄደች።

አዳራሹ ሲደርሱ አማትየዋን ሰላም የማይል ሰው ጠፋ። እሳቸውም ቅርጫቱን ወንበር ላይ አኑረው ከዚህም ከዚያም መተቃቀፍ ጀመሩ። ምራትየዋ ቅርጫቱን ብድግ አድርጋ ከመድረኩ መጋረጃ ኋላ ተሰወረች። ከፍታ እንዳትቀምስ የጎደለ ብልቃጥ አይቀበሉም። ጣቶቿ ግን ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ሁለቱንም ጨርቆች ፈታች፣ ቀዩን በሰማያዊው፣ ሰማያዊውን በቀዩ ቦታ አሰረች። "በቆፈሩት ጉድጓድ ይግቡበት!" አለች በሆዷ።

ዳኞቹ ርዕሰ መምህርቷ፣ ዳቦ ጋጋሪውና የጥርስ ሐኪሙ ናቸው። ሐኪሙ የሚመጣው ደንበኛ ፍለጋ ነው እየተባለ ይታማል። የጉርብትና ይሉኝታ እንዳይዛቸው ዓይናቸው በሻርፕ ታሰረ፤ አንዲት አስተማሪ በማንኪያ ታጎርሳቸው ጀመር።

ምራትየዋ ጨው የሚተፋ ዳኛ ጠበቀች። የተፋ የለም። ሐኪሙ ጭራሽ ከንፈሩን ላሰ። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ አንዱ ላይ ሲደርስ ማንኪያውን አልመልስም አለ።

"ይሄ ከጣፋጭነቱ ሥር እሳት የነካው ስኳር ጣዕም አለው። ደፋር እጅ ነው የሠራው! ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ አልቀመስኩም።"

የብልቃጡ ጨርቅ ቀይ ነበር።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ባል ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ ቤት ከመፈለግ ተርፏላ! ከሁሉ የባሰባቸው ግን አማትየዋ ነበሩ። ሰማያዊው ሁለተኛ ሲባል እንኳ አልሰሙም። "ምራቴ እንዳትሉ፣ ልጄ ናት!" እያሉ አዳራሹን ዞሩት።

ምራትየዋ ዋንጫዋን ታቅፋ አንገቷን ደፋች። ለካ ጨው የሚባል ነገር አልነበረም። ሴትየዋ የላላ ክር አጥብቀው ነበር፤ እሷ ግን የሳቸውን ድካም ሰርቃ ታቅፋለች። እፍረቱ አንገበገባት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባል ባዶውን ቅርጫት እያወዛወዘ ቀደመ። ያን ጊዜ አላስችል አላት።

"እማማ፣ ዋንጫው የርስዎ ነው። ጨው የጨመሩብኝ መስሎኝ አዳራሽ ውስጥ ጨርቆቹን አቀያየርኳቸው። ይቅር ይበሉኝ።"

አማትየዋ ቀጥ ብለው ቆሙ። ምራታቸውን አዩ፤ ዋንጫውን አዩ። ከዚያ የሰው አጥር ተደግፈው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ወይ ልጄ! እኔም እኮ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ ብዬ፣ ጠዋት ጓዳ ውስጥ አቀያይሬያቸው ነበር።"