የደበዘዘው የልብ ምስል

ምስል አንሺው ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ወገቡ ተቆርጧል። ከገጠር የመጡት የመጨረሻዋ ታካሚ የልብ ምስላቸው ሁለቴ ተነስቶ ሁለቴም ደበዘዘ። ሦስተኛው ከተበላሸ የተወጉት የጨረር መድኃኒት ኃይሉ ያልቃል፤ ቀዶ ጥገናውም ይዘገያል።

«እማማ፣ በሞቴ፣ ንቅንቅ እንዳይሉብኝ!»

«ምን ቆርጦኝ ልጄ! መቼስ ተነቃንቄ አውቃለሁ?»

ወጥቶ በሩን ዘጋና ከመስታወቱ ጀርባ ተቀመጠ። አሮጊቷ እንደ ድንጋይ ጸጥ ብለዋል። ምስሉም እየጠራ፣ እየጠራ መጣ። «ተመስገን!» አለ። ከዚያ በቀደሙት ሁለት ጊዜያት በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ወደ ውስጥ ሳያይ እንዳለው ሁሉ፣ «በርቱ እማማ፣ ትንሽ ቀረን» ሊላቸው፣ አሁን ግን በሩን ከፈት አድርጎ አንገቱን አስገባ።

አሮጊቷ ከተጋደሙበት ብድግ አሉና ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣

«ኖር!» አሉት።